መልስ፦ መጀመሪያ አንብቢው፣ ፊልሙ ይደርሳል

"የምወደው ደራሲ ልብወለድ ፊልም ሊሆን ነው አሉ፣ ቀድሜ ላንብበው ወይስ ፊልሙን ልጠብቅ?" ላልሽው፣ የኔ እህት አንብቢው በቃ። ፊልሙን ካየሽ በኋላ ስታነቢ የሚመጣብሽ የተዋናዩ ፊት ነው፣ የራስሽን ሰው በጭንቅላትሽ መሳል አበቃ። እኔ ፍቅር እስከ መቃብርን (1958 ዓ.ም. የታተመው) ሳነብ የወጋየሁ ንጋቱ የሬድዮ ትረካ ጆሮዬ ላይ ስለነበር ጉዱ ካሳን እስካሁን በሱ ድምፅ ነው የምሰማው፣ ያውም ድምፅ ብቻ ሆኖ፣ ፊት ሲጨመርበት አስቢው እንግዲህ። ደሞ ሁሉም ነገር ፊልም ውስጥ አይገባም፣ የቀለበቶቹ ጌታ (ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የሚባለው ልብወለድ) ከ2001 እስከ 2003 (በፈረንጅ) በ3 ረጃጅም ፊልም ተሰርቶ እንኳን መጽሐፉ ውስጥ ያለው ቶም ቦምባዲል የሚባል ገጸ ባህሪ ጭራሽ የለም፣ ግን ፊልሞቹ አሪፍ ናቸው ስለዚህ ቆረጡት ማለት አበላሹት ማለት አይደለም። እኔን የሚያበግነኝ መጨረሻውን ሲቀይሩት ነው። መጽሐፉን ካጣሽው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ጠይቂ፣ ዋጋ ላይ ግን ተከራከሪ፣ ፊልም ሊሆን ነው መባሉን እነሱም ሰምተዋል ሃሃ