ጠበቃው «ግሪን ካርድህን አይነካውም» ብሎት ጥፋተኛ ነኝ ላለ ሰው

እህታችን፣ እንደጻፉት ከሆነ ሜሪላንድ ያለው ወንድምዎ በጠበቃው ምክር የስርቆት ክሱን አምኖ አንድ ዓመት ተፈረደበት። እስሩ ሙሉ በሙሉ ታግዶለት ፕሮቤሽን ላይ (ከእስር ውጭ በክትትል ሥር) እያለ የዲፖርቴሽን ወረቀት መጣበት። «በጠበቃው ጥፋት ይግባኝ ይባላል ወይ?» ነው ጥያቄዎ።

የሚያስፈልገው ይግባኝ አይደለም። ይግባኝ ሰሚ የሚያየው መዝገቡን ነው፤ ጠበቃው ቢሮ ውስጥ የተናገረው ደግሞ መዝገብ ላይ የለም። መንገዱ «ፖስት ኮንቪክሽን» የሚባለው፣ ከፍርድ በኋላ ፍርዱ እንዲሻር የሚቀርብ አቤቱታ ነው። ፍርዱ በተሰጠበት ካውንቲ (አውራጃ) ሰርኪዩት ኮርት በሚባለው ፍርድ ቤት ይገባል። ከፍርዱ 10 ዓመት ሳያልፍ፣ ፕሮቤሽኑም ሳያልቅ መግባት አለበት። ፕሮቤሽኑ ካለቀ «ኮራም ኖቢስ» የሚባለው፣ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ፍርዱን የሚቃወምበት አቤቱታ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እሱ ይከብዳል። ለአንድ ጉዳይ የሚፈቀደው አንድ አቤቱታ ብቻ ስለሆነ ተቻኩሎ ግማሹን ጽፎ ማስገባት ትልቅ ስህተት ነው።

«ስልክ አያነሳም ነበር» ማለት ብቻውን አያስረዳም። ከ1984ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስትሪክላንድ ውሳኔ ወዲህ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ጠበቃው ከሙያው ደረጃ በታች መሥራቱ፣ በዚያም ምክንያት ደንበኛው መጎዳቱ። ያው ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲላ ውሳኔ ደግሞ ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የዲፖርቴሽንን አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት አለ።

ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የሚያነሳው «ዳኛው አስጠንቅቆታል» የሚለውን ነው። ጥፋቱን ያመነበትን ችሎት ግልባጭ አውጥታችሁ የዳኛውን ቃል አንብቡ። ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «ሊያስከትል ይችላል» ነው። የስርቆት ፍርድ አንድ ዓመት ከሞላ ግን፣ ቢታገድም እንኳ፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ወንጀሎች ይቆጠራል። 364 ቀን ቢሆን ኖሮ ከዚያ ምድብ ውጭ ነበር! ሕጉ እንዲህ ግልጽ ሲሆን ጠበቃው «ይችላል» ሳይሆን «ያስከትላል» ማለት ነበረበት። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱን ለማሳየት «ባውቅ ኖሮ አላምንም ነበር» የሚለው የዛሬ ቃል አይበቃም። የዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2017ቱ የሊ ውሳኔ የሚፈልገው የዚያን ጊዜ ማስረጃ ነው፤ ስለ ግሪን ካርዱ ለጠበቃው የላከው ቴክስት፣ እዚህ ያሉት ልጆቹ፣ የኖረበት ዓመት። የጠበቃውን ፋይል በጽሑፍ ይጠይቁ። በአቤቱታው ጠበቃውን ጥፋተኛ ሲያደርግ በመካከላቸው የነበረው ምስጢር በዚያ ጉዳይ ላይ እንደሚገለጥም ይወቅ።

ቢያሸንፍ ክሱ ይመለሳል፤ የቀረለት ሌላ ክስ ካለም አብሮ ሊነሳ ይችላል። ትእዛዙ ላይ ፍርዱ የተሻረው በጠበቃው ጉድለት መሆኑ ይጻፍ፤ ለቤተሰቡ ታዝኖለት ከተሻረ ኢሚግሬሽን አይቀበለውም። አቤቱታው መግባቱ ብቻውን ዲፖርቴሽኑን ስለማያስቆም የኢሚግሬሽን ጠበቃው ቅጂውን በዚያው ቀን ይያዝ። ገንዘብ ከሌላችሁ ለመጀመሪያው አቤቱታ ፐብሊክ ዲፌንደር (መንግሥት የሚያቆመውን ጠበቃ) መጠየቅ ይቻላል።