ጆሯችሁን ለእግሯ ስጡ

ለጃዝ ወዳድ ወጣቶች፣

የጃዝ ሃርፕ አልበም ስትከፍቱ ጆሯችሁን ለተጫዋቿ እግር ስጡ። ጣቶቿማ ሳትፈልጓቸውም ይሰማሉ፤ «ውኃ ይመስላል፣ ያስተኛል» ተብሎ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ይህ መሣሪያ ጃዝ ውስጥ ለምን እንደሚቸገር፣ ማን ችግሩን እንዴት እንደተወጣው የሚገባችሁ ግን ከታች ከፔዳሉ ነው።

የዳዊት መሣሪያ በእኛ መጽሐፍ በገና ስለተባለ ሃርፕንም በገና የሚለው ብዙ ነው። ዘመዳሞች እንጂ አንድ አይደሉም። የበገና ዐሥሩ አውታር በበርኩማው ላይ አልፎ ወደ ቀንበሩ ይወጣል፤ የሃርፕ ክር ግን ከድምፅ ሣጥኑ ፊት ላይ ተነሥቶ ሽቅብ ይሄዳል። የኮንሰርቱ ሃርፕ 47 ክርና 7 ፔዳል አለው። እያንዳንዱ ፔዳል የአንድ ኖታ ነው፦ ዲ፣ ሲ፣ ቢ የግራ እግር ናቸው፤ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ የቀኝ። እያንዳንዱ ፔዳል ሦስት ማረፊያ አለው፦ ላይ ሲሆን ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ)፣ መሐል ናቹራል (ያልተለወጠ)፣ ታች ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ)። ሴባስቲያን ኤራር በ1810 ያስመዘገበው አሠራር ዛሬም ያው ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የሲን ፔዳል ስትረግጡ ከመጨረሻው ወፍራም ክር በቀር ያሉት ሲዎች በሙሉ አብረው ይለወጣሉ። ፒያኖ ላይ ሲ እና ሲ ሻርፕ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቋችኋል፤ ሃርፕ ላይ አንዱን ስትይዙ ሌላው የለም። በኤፍ የሚጫወት ተራ የ12 ባር (የምት ክፍል) ብሉዝ ውሰዱ። ቢ ፍላት ሆኖ ይቆያል። ለኤፍ ሰባት ኮርድ (አብረው ለሚሰሙ ኖታዎች) ኢ ፍላት ይሆናል፤ አምስተኛው ባር ላይ ቢ ፍላት ሰባት ሲመጣ ኤ ፍላት ይሆናል፤ ሰባተኛው ላይ ይመለሳል። ዘጠነኛው ላይ ሲ ሰባት ኢን ናቹራል ይፈልጋል፤ ዐሥረኛው ኤን እንደገና ፍላት፤ ዐሥራ አንደኛው ኤን ናቹራል፣ ኢን ፍላት። ይህ ሁሉ ሥራ የአንድ ቀኝ እግር ነው! ግራው እግር ቁጭ ብሎ ያያል። ቴምፖው ሲፈጥን ጀማሪ የሚወድቀው እዚሁ መጨረሻዎቹ አራት ባሮች ላይ ነው፤ ጣቱ ደርሶ እግሩ ይቀራል።

ፔዳሉ ክሩ እየነዘረ ሳለ በግማሽ ልብ ከተረገጠ ደግሞ ከላይ ፔዳሉ የሚያዞራቸው የዲስክ ፒኖች ክሩን ነካ አድርገው ያንጫጩታል። ማይክሮፎን ይህን አይምርም። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ክሩን በመዳፍ ዝም ማሰኘት፣ ወይም ፔዳሉን ክሩ ከመመታቱ በፊት ጨርሶ መርገጥ። ማዳፈኑ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በብረት የተጠቀለሉት የታችኞቹ ክሮች ካልተዳፈኑ ያለፈው ኮርድ በሚቀጥለው ላይ ይፈስና ጭቃ ይሆናል። ቤዝ ተጫዋች ካለ ግራ እጅ ከታች ወጥቶ ቦታውን ይልቀቅለት።

ይህን ይዛችሁ የጃዝ ሃርፕ ተጫዋቿን የዶሮቲ አሽቢን የ1958 አልበም «ሂፕ ሃርፕ» ክፈቱ። ፍራንክ ዌስ ፍሉት፣ ሄርማን ራይት ቤዝ፣ አርት ቴይለር ድራም ናቸው። አሽቢ ኮርዱን እንደ ጊታር አጭር አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ የሚያስደንቀው የክሩ ጩኸት ሳይሆን ዝምታው ነው። መጀመር ያለባችሁ ከዚህ ነው ባይ ነኝ። የ1968ቱ «አፍሮ-ሃርፒንግ» ይበልጥ ታዋቂ ነው፣ ግሩቩም ጥሩ ነው፤ የእግር ትምህርቱ ግን አነስ ይላል። ሌላዋ የጃዝ ሃርፕ ተጫዋች አሊስ ኮልትሬን ሌላ ዓለም ናት። በ1971 በወጣው «ጆርኒ ኢን ሳቺዳናንዳ» ላይ ኮርድ አትቀያይርም ማለት ይቻላል፤ ፔዳሉን አንድ ቦታ አስቀምጣ በግሊሳንዶ፣ ማለትም ክሮቹን በተከታታይ በመጥረግ፣ ታጥለቀልቀዋለች። ቀላል መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። ግሊሳንዶ ሰባቱንም ክር ስለሚጠርግ የማይፈለግ ኖታ መደበቂያ የለውም። ለምሳሌ ዲ ሻርፕ፣ ሲ ናቹራል፣ ቢ ሻርፕ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናቹራል ብታደርጉ አንዳንዶቹ ክሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ድምፅ ስለሚያወጡ (ዲ ሻርፕና ኢ ፍላት አንድ ናቸው) ሰባት ክር አራት ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ሙሉ ዲሚኒሽድ ኮርድ።

አሁን ወደ ዌልስ። የዌልስ ባህላዊ ሃርፕ ሦስት ረድፍ ክር አለው፤ የመሐለኛው ረድፍ ሻርፕና ፍላቱን ስለሚይዝ ፔዳል አያሻውም። ዌልሳዊቷ አማንዳ ዋይቲንግ ግን ጃዟን የምትጫወተው በፔዳሉ ሃርፕ ነው። የገና ዜማዎች የቀዳችበት «ኤ ክሪስማስ ኩች» ለተማሪ ጆሮ ከሌሎቹ ሥራዎቿ ይልቅ ይመቻል። ኩች በዌልስ ሰዎች አነጋገር ሞቅ ያለ እቅፍ ማለት ነው። የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የፈረንጅ የገና መዝሙር አብዛኛው በአንድ ስኬል ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ፣ ምንም ሳይጨምሩ እንዳለ ቢጫወቱት እግር ሥራ ይፈታል። ጃዝ ያደረገው ሰው የጨመረው ኮርድ ሁሉ እግሩን ያስነሣል። መጀመሪያ ዜማውን በአፋችሁ ዝፈኑት። ቀጥሎ ቅጂውን ክፈቱና ጆሯችሁ «ይሄ ከየት መጣ?» ያለበት ላይ አቁሙ። የተለወጠውን ኖታ ፈልጉ፣ የየትኛው እግር እንደሆነ ጻፉ። ከጂ ሰባት ወደ ሲ ሲሄድ ኤ ፍላት ከሰማችሁ የቀኝ እግር የመጨረሻው ፔዳል ነው። የእነሱ ገና አልፎ የእኛው እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ስላለ ጊዜ አታጡም።

ሃርፕ የማግኘት ዕድል የገጠማችሁ፣ የትዝታን ቅኝት ሞክሩ። ማስተር ሙላቱ አስታጥቄም ለትምህርት መጀመሪያ የተላኩት ወደ ዌልስ ነበር፤ ስለዚህ አገሩ ለእኛ ጃዝ ባዳ አይደለም። ትዝታ ሜጀር በሲ ቀላል ነው፤ ኤፍን ፍላት፣ ቢን ሻርፕ፣ ሌላውን ናቹራል አድርጉና እጃችሁን ጥረጉት፣ አንድም የተሳሳተ ኖታ አይወጣም። ትዝታ ማይነር በሲ ግን እምቢ ይላል። የኤፍ ክር ፍላትም ናቹራልም ሻርፕም ቢሆን ከቅኝቱ ውጭ ነው። ወደ ኤ ፍላት ውሰዱት፦ በግራ ዲ ሻርፕ፣ ሲ ፍላት፣ ቢ ፍላት፤ በቀኝ ኢ ናቹራል፣ ኤፍ ፍላት፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ፍላት። ከመጥረጋችሁ በፊት ሰባቱንም ክር ተራ በተራ ነክታችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚገኘው የጂ ፔዳል ነው።