ደወሉን ከመስከረም በፊት ይስማው

ጥያቄ፦ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ። ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ነግሮናል። የሚናገራቸው ቃላት ከአሥር አይበልጡም፤ ጫጫታ ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናል። መስከረም ላይ ኦ ክፍል ላስገባው ብዬ ክረምቱን ፊደል ላስቆጥረው ብታገል እምቢ አለኝ። ጎረቤቶቼ «ዘንድሮ ይቅር» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? (እናቱ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ፊደሉን ለጊዜው ተይው፣ መምህሯ ታደርሰዋለች። ለልጅሽ የሚከብደው ሰልፉና ደወሉ ነው።

ደሴ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ለደወል የተሰቀለው ቸርኬ ሲመታ ከሰልፍ ወጥቶ ወደ አጥሩ የሚሮጥ ልጅ ነበረኝ። ብልግና መስሎኝ እጁን ጨምድጄ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ዛሬም ቸርኬ ሲመታ እሱ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ስለዚህ ጳጉሜን ላይ፣ ግቢው ጭር ባለበት፣ ይዘሽው ሂጂ። ዳይሬክተሩን አስፈቅጂና ቸርኬውን ልጅሽ ራሱ ቀስ አድርጎ ይምታው። በገዛ እጁ ያወጣው ድምፅ እንደ ድንገተኛው አያስበረግገውም። ሽንት ቤቱንም አሳይው፣ ገብቶ ይጠቀምበት። በማግስቱ ድገሚው፣ በዚያው መንገድ። ቀበቶ ያለውን ሱሪ ትተሽ ባለ ላስቲኩን አልብሽው፤ ምሳ ዕቃውንም ቤት ሳለ መክፈት ይልመድ።

ካርቶን ላይ የውኃ ኩባያና የሽንት ቤት በር ሣይለት። የኩባያውን ሥዕል ሲሰጥሽ ሳትዘገዪ ውኃውን ስጪው። መምህሯም ያንኑ ታድርግ፤ ቃል ባይወጣው እጁ ይናገርለታል።

ጆሮው ተመርምሯል? ጫጫታ ሲሰማ መድፈኑ ንግግርን አጥርቶ መስማቱን አያረጋግጥም። ካልተመረመረ ከመስከረም በፊት ይታይ።

ሊከፋው ሲል የሚያሳየውን ምልክት የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ለመምህሯ አንድ ገጽ ጻፊላት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰልፉን ከዳር ሆኖ ይይ፣ ግማሽ ቀንም ይበቃዋል።

ጎረቤቶችሽ አዝነውለት ነው፤ ግን ዓመቱን ቤት ቢቀመጥ ደወሉን ከየት ይለምደዋል? «እዚህ አይሆንም» ከተባልሽ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት 24ኛ አንቀጽ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል እንደሚል ንገሪያቸው። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ሂጂ። ቸርኬውን ሲመታ ምን እንዳደረገ ጻፊልኝ።