የጣት መለኪያው 97 እያሳየ ደም ለምን ይቀዳል?

ጥያቄ፦ አባቴ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳሉ፣ ጣታቸው ላይ ያለው መሣሪያ 97 እያሳየ ነርሶቹ ደጋግመው ከእጃቸው ደም ይቀዱ ነበር። ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ የጣቱ መሣሪያ፣ ማለትም ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የሚያሳየው በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ ከሄሞግሎቢን፣ ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደተሸከመ ነው፤ ቁጥሩ የተገኘው በምን ያህል የኦክስጅን ድጋፍ እንደሆነ ግን አይናገርም። ያለ ድጋፍ 97 የሆነ ሰውና 60 በመቶ ኦክስጅን እየተሰጠው 97 የሆነ ሰው የሳንባቸው ሁኔታ ፈጽሞ አንድ አይደለም። በዚያ ላይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጣት ሲቀዘቅዝ ንባቡ ሊዛባ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሞች ከደም ወሳጅ ቧንቧ በተቀዳው ደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ግፊት ለክተው፣ ታካሚው ለሚተነፍሰው የኦክስጅን ድርሻ ያካፍሉታል። ግፊቱ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ድርሻው 60 በመቶ ቢሆን፣ 90 ለ0.6 ሲካፈል 150 ይሆናል፤ በባሕር ጠለል አካባቢ የሚኖር ጤናማ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከ400 በላይ ያገኛል። ከ300 በታች መውረዱ ሳንባው ኦክስጅንን ወደ ደም የማሳለፍ አቅሙ መቀነሱን ያመለክታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ይህ የ300 መለያ ቁጥር እንዳለ ሳይወሰድ ለከፍታው መስተካከል አለበት፤ ይህ ነጥብ በቀላሉ የሚዘነጋ ይመስለኛል።

በቀዶ ሕክምናው ወቅት የልብና ሳንባ ማሽን የሁለቱን አካላት ሥራ ተክቶ በሚቆይበት ጊዜ የሳንባው የተወሰነ ክፍል አየር አጥቶ ስለሚጨማደድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውጤቱ መቀነሱ የተለመደ ነው። ሐኪሙ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ አካሄዱን የሚከታተለውም በዚህ ምክንያት ነው። ደሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው አስቀድሞ በእጅ አንጓ ላይ ከገባ ቀጭን ቱቦ በመሆኑ፣ አባትዎ በየጊዜው በመርፌ አልተወጉም ይሆናል።