ከመንቀልሽ በፊት ቅጠሉን እዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐዋሳ አጠገብ፣ ቱላ አካባቢ ለጓሮ አትክልት የሚሆን ቁራሽ መሬት ተከራይተሻል። ቀድሞ ያለማው ቤተሰብ ለቆ ሄዷል። ቦዩ ዳር ሰፋፊ ቅጠል፣ አጥሩ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጣት ጣት ቅጠል ያለው ተክል አለ። መሃል ላይ ስትቆፍሪ ደግሞ ጣት የሚያካክሉ ሥሮች ወጡ። ያደግሽው አዳማ ስለሆነ አንዱንም አታውቂውም። «ይበላሉ? ወይስ ሁሉንም ነቅዬ ጎመንና ቲማቲም ልትከል?» ነው ያልሽው።

እባክሽ አትንቀይ። ሐዋሳ ዙሪያ ጓሮ ሳለማ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በአዲስ መሬት ላይ ከማየው ኪሳራ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰው የማያውቀውን ሁሉ አረም ነው ብሎ ያጸዳል። የወራት ምግብ ከነዘሩ አውጥቶ ይጥላል። ደግሞ ሥራ ሥር የሚለየው በሥሩ አይደለም። ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ሁሉም ቡናማ፣ አፈር የለበሰ ነገር ነው። ቅጠሉ ቆሞ እያለ ግን በደንብ ይለያል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ለመለየት ብለሽ ጥሬውን አትቅመሺ። ልጆች ካሉሽም አስጠንቅቂያቸው። ከዘረዘርሻቸው ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ በጥሬያቸው ይጎዳሉ።

ቦዩ ዳር ያለው ጎደሬ ይመስለኛል። ከወላይታ የመጡ ጎረቤቶች ቦይና ይሉታል። ለማረጋገጥ ቅጠሉን ገልብጪና አገዳው የት ላይ እንደተያያዘ እዪ። የጎደሬ አገዳ ከቅጠሉ ጠርዝ ላይ አይነሳም፤ ትንሽ ወደ መሃል ገባ ብሎ ጀርባው ላይ ነው የሚያያዘው። ቅጠሉ ጫፉን ወደ መሬት ደፍቶ ይንጠለጠላል። ውሃ ብታፈሺበት አይርስም፣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይንሸራተታል። አገዳው ልክ ቅጠሉ በሚሰነጠቅበት ጠርዝ ላይ ከተያያዘ ግን ሌላ ነው። ከጎደሬ ዘመዶች አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሆቴሎች ግቢ ውስጥ ለጌጥ የሚተከለው። እሱን የሚያውቅ ሰው ሳያይልሽ ድስት ውስጥ እንዳትከቺው።

ጎደሬ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ መርፌ የመሰሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ። ስትልጪው እጅ የሚያሳክከው፣ ጥሬውን ወይም ግማሽ ብስሉን የበላ ሰው ጉሮሮው የሚቃጠለው በእነሱ ነው። ስለዚህ ጓንት አድርጊ ወይም እጅሽን ዘይት ተቀቢ። ጎደሬን እንደ ድንች ቶሎ አውጥቶ መብላት የለም። ውስጡ ድረስ እስኪለሰልስ ቀቅይው፣ ውሃውን ድፊ። በልተሽ ትንሽም ቢሆን ካሳከከሽ አልበሰለም ማለት ነው፣ መልሰሽ ጣጂው።

አሁን ቅጠሉ ለምለም ከሆነ አልደረሰም፣ ተይው። ጎደሬ እንደ ዝርያውና እንደ እርጥበቱ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈልጋል። ሲደርስ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ያንሳል፣ የቆየው ቢጫ ይሆናል። ያኔ ትልቁን ለምግብ ታወጪያለሽ። አናቱን ከአገዳው ሥር ጋር ቆርጠሽ መልሰሽ ትተክያለሽ፣ ዙሪያው ያሉት ትንንሾቹም ዘር ይሆኑሻል። በግማሽ ሜትር ርቀት ትከያቸው፣ ሲያድጉ አፈር አስታቅፊያቸው። ግን ያ ቦይ የሽንት ቤት ወይም የፍሳሽ ውሃ የሚያልፍበት ከሆነ ዘሩን ብቻ አውጥተሽ ሌላ ቦታ አዛውሪው።

ጣት ጣት ቅጠል ያለው፣ ግንዱ እንጨት የሆነና የወደቁ ቅጠሎች ጠባሳ ያለበት ከሆነ ካሳቫ ሳይሆን አይቀርም። ደቡብ ላይ ይበልጥ የተስፋፋው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነው። ዝናብ ቢቀርም መሬት ውስጥ ቆይቶ ይጠብቃል። ሐዋሳ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ቁሌና ኬሎ የሚባሉ ዝርያዎችም አውጥቶለታል። ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ቀልድ አያውቅም። ሥሩም ቅጠሉም ሲቆረጥ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ ይለቃል። መራራው ዓይነት ብዙ አለው፤ ጣፋጩም ከመርዝ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ያንቺ የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉንም እንደ መራራው ቁጠሪው። ቅርፊቱን በደንብ ላጪ፣ ቀጫጭን አድርገሽ ቁረጪ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊ፣ ውሃውን እየቀየርሽ አቆይው። ስትቀቅይ ድስቱን አትክደኚ፣ መርዙ በእንፋሎት ይወጣልና። የተቀቀለበትን ውሃ ለመረቅ አታስቀሪ። ዱቄት የሚያደርጉትም ዘፍዝፈው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ነው የሚያስፈጩት። ከበላ በኋላ የሚያዞረው፣ የሚያስመልሰው ወይም ራሱን የሚያመው ሰው ካለ ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ካሳቫ ከወጣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጡ ይጠቁራል። ስለዚህ ለምትበይው ያህል ብቻ ቆፍሪ። ግንዱን አትጣይው፤ ስንዝር በሚያህል ቁራጭ መልሶ ይበቅላል።

አጥሩ ላይ ያለው ቦዬ የሚባለው፣ ሥሩ ተቀቅሎ የሚበላ ሐረግ ሳይሆን አይቀርም። ልብ የመሰለ ቅጠል አለው፣ ጅማቶቹ ከቅጠሉ ሥር ተነስተው እስከ ጫፉ ይሄዳሉ። በጋ ሲገባ ሐረጉ ይደርቅና ሰው የሞተ መስሎት ያቃጥለዋል። ሥሩ ግን ከታች አለ። ቦታው እንዳይጠፋሽ ሳይደርቅ እግሩ ላይ እንጨት ትከዪበት። ስታወጪው እንዳይቆስል ከጎን ቆፍሪ፣ የቆሰለ ይበሰብሳል። ሐረጉ ላይ ድንች የመሰለ ፍሬ ካንጠለጠለ ግን ከመንካትሽ በፊት የሰፈሩን እናቶች ጠይቂ። ዱር ውስጥ የሚበቅለው የዚህ ዓይነት መራራና መርዛማ ነው።

ጣት የሚያካክሉት የወላይታ ድንች ሳይሆኑ አይቀሩም። ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ለስላሳና ጸጉራም፣ አበባው ወይን ጠጅ ነው። ይሄ ችግር የለበትም፤ ታጥቦ ተቀቅሎ ይበላል። ከገበያም እየጠፋ ነውና ዘሩን እንድታቆይው እለምንሻለሁ።

በላክሽልኝ ፎቶ ጥግ ላይ «ሙዝ» ያልሽው ደግሞ እንሰት ነው። ግንዱ ከሥሩ ወፍሯል፣ ዙሪያውም እንደ ሙዝ ልጆች አላወጣም። መሬት ውስጥ ያለው ክፍሉ አሚቾ ይባላል፣ ተቀቅሎ ይበላል። እንሰት ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነው፣ ለመቁረጥ አትቸኩዪ። የደረቀ ቅጠል ስታነሺለት ቢላዋውን በእሳት አሳልፊው። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛመተው በዋናነት በቢላዋ ነው።

ባዶ በሆነው ቦታ ጎመንና ቲማቲምሽን ትከዪ፣ ይበቃሻል። ቦታ ከተረፈሽ ስኳር ድንች ጨምሪበት፤ ኩልፎ የሚባለው ብርቱካናማ ዝርያ ለልጆች በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው። የምትተክይውን ሐረግ ከጤነኛ ማሳ ቁረጪ። መሬቱ ሲሰነጠቅ ነቀዝ በስንጥቁ ገብቶ ሥሩን ስለሚበላው ቶሎ ቶሎ አፈር አስታቅፊው።