ኒክሰንና ኪሲንጀር በር ዘግተው ያወሩት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የጅማ ልጆች። ባለፈው ሳምንት ስለ ኒክሰን ቴፖች፣ ማለትም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ኒክሰን ከብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ከኪሲንጀርና ከሌሎች ጋር ያወራው ስለተቀረጸባቸው ቅጂዎች፣ ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር፤ ጥያቄው ስለበዛ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ ታሪክ አስተምር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ እነዚህን ቅጂዎች አዳምጣለሁ። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሌላው፣ ቅንጫቢ ንግግር ይዞ የሚመጣ ሰው ቀኑንም ይዞ ይምጣ።

ከሄርማታ፦ ጋሼ፣ እስቲ ከሥሩ ይጀምሩልን። ማን ነው የቀረጸው? ኪሲንጀርስ እየተቀረጸ መሆኑን ያውቅ ነበር?

መልስ፦ ተባረክ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። የቀረጸው ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው። መሣሪያው በፌብሩዋሪ 1971 ተተከለ። ኦቫል በሚባለው ቢሮው ውስጥ 7 ማይክሮፎን ነበር፤ 5ቱ ጠረጴዛው ውስጥ፣ 2ቱ እሳት ማንደጃው አጠገብ። ልብ በሉ፣ ቁልፍ የሚጫን ሰው የለም። ድምፅ ሲሰማ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። ከሱ በፊት ኬኔዲም ጆንሰንም ቀርጸዋል፤ ግን የሚቀረጸውን እየመረጡ ነው። የኒክሰን ማሽን ምርጫ አያውቅም፣ ቁም ነገሩንም ስድቡንም ዝምታውንም እኩል ይውጣል። በዚህ መልክ 3,700 ሰዓት ገደማ ተቀረጸ። ጁላይ 16 ቀን 1973 በተርፊልድ የሚባል የቀድሞ ረዳቱ ሴኔት ፊት ቀርቦ ሲናገር ነው ዓለም የሰማው።

ኪሲንጀር ለረጅም ጊዜ አያውቅም ነበር። ግን እሱም በበኩሉ ሌላ ነገር ያደርጋል፦ ስልክ ሲያወራ ጸሐፊዎቹ በሌላ መስመር እየሰሙ ይጽፋሉ። ያ ግልባጭ 20,000 ገጽ ይጠጋል፣ በ2004 ለሕዝብ ተከፈተ። እንግዲህ አስቡት፣ ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሳይናገር መዝገብ ይይዛሉ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የምለው፦ «ምን አለ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ማን ፊት አለ? እየተቀረጸ መሆኑንስ ያውቅ ነበር?» በሉ። አማካሪ አለቃው ፊት ሲናገር አለቃውን ማስደሰትም ይፈልጋል። ያንን ሳይቀንሱ ቃሉን እንደ ወረደ መውሰድ ስህተት ነው።

ከጅረን፦ አንዱን ከፍቼ ሰማሁት። አንድ ነገር አልገባኝም። እንግሊዝኛዬ ነው ችግሩ?

መልስ፦ አይደለም ልጄ። ቴፑ በጣም ስስ ነው፣ ብዙ ሰዓት እንዲይዝ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሽከረከረው። ድምፁ ይታፈናል። እኔ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሰማው። የኛ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ጭራሽ ተስፋ የለውም። ሲኒ ማስቀመጫው ላይ ሲያርፍ እንደ መዶሻ ይጮሃል፣ እሱን ተከትሎ የመጣው ቃል ደግሞ ይጠፋል፤ ወደኋላ እመልሳለሁ፣ አሁንም ሲኒው ብቻ ነው የሚሰማው። ግልባጭ የሚጽፉት ባለሙያዎች ያልተሰማውን ቦታ ምልክት ያደርጉበታል። ምልክቱን ዘሎ አረፍተ ነገሩን ሙሉ አድርጎ የሚያመጣላችሁን ሰው አትመኑ።

ከአጂፕ፦ ኪሲንጀር ጥሩ ሰው ነበር ወይስ ክፉ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ አይመለስም። አንድ ቀን፣ አንድ ውሳኔ ጥቀስና እንነጋገር።

ከቦሳ ቂጦ፦ የቻይናው ድብቅ ጉዞ እንዴት ተደበቀ? ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩስ አያውቅም ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ የምወደውን ነገር ነካሽ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮጀርስ ነበር፤ ኒክሰንና ኪሲንጀር አብዛኛውን ትልቅ ጉዳይ ከሱ ደብቀው ነው የሚሠሩት። የቻይናው መልእክት የሚመላለሰው በፓኪስታኑ መሪ በያህያ ኻን በኩል ነበር። ጁላይ 1971 ኪሲንጀር ፓኪስታን ገባ፤ ሆዱን ታመመ ተባለ፣ ተራራ ላይ ወዳለ ማረፊያ ሄዶ እያገገመ ነው ተብሎ ተነገረ። እሱ ግን ጁላይ 9 ንጋት ላይ በፓኪስታን አውሮፕላን ወደ ቤጂንግ በረረ። ከቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ከቹ ኤንላይ ጋር እስከ ጁላይ 11 ሲነጋገር ቆየ። ኒክሰን ጁላይ 15 በቴሌቪዥን አወጀው፣ በፌብሩዋሪ 1972 ራሱ ሄደ።

ይሄን ሁላችሁም እያደነቃችሁ ታወራላችሁ። ሌላውን ገጽ ደግሞ አንብቡ። በዚያው ዓመት ከማርች 25 ጀምሮ የያህያ ጦር በምሥራቅ ፓኪስታን፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በምንለው አገር፣ ሕዝብ ይጨፈጭፍ ነበር። ዳካ የነበረው የአሜሪካ ቆንስል ብለድ ከባልደረቦቹ ጋር ኤፕሪል 6 የተቃውሞ ቴሌግራም ላከ። ምን አገኘ? ከቦታው ተነሳ። ኒክሰን ደግሞ በእጁ ጽፎ ያህያን አሁን እንዳያስጨንቁት አዘዘ። መልእክት አመላላሹን ማስቀየም አልፈለጉማ። የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በኖቬምበር ዋሽንግተን መጥታ ካነጋገረቻቸው በኋላ፣ በማግስቱ ኖቬምበር 5 ሁለቱ ተቀምጠው እሷንም ሕንዶችንም ሲሰድቡ በቴፕ ይሰማል። ኪሲንጀር ነገሩ በ2005 ሲወጣ እንደሚጸጽተው ተናግሯል። እኔን ስድቡ አይደለም የሚያመኝ። ሚሊዮኖች ድንበር እየተሻገሩ ወደ ሕንድ ሲሰደዱ የሁለቱ ሐሳብ የመልእክት መንገዱ እንዳይዘጋ ነበር። ያ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ከመንደራ፦ ምክር ከተባለ የኛው አባ ጅፋር እናት ጉሚቲ ትበልጣለች። ለምኒልክ በሰላም ግባ፣ አገርህን አድን ብላ የመከረችው እሷ ናት ይባላል።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ምክር ሁልጊዜ ያድናል እንዴ? ውጫሌን ያየ ይናገር። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፣ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ቁጭ! ምኒልክን አማካሪዎቹ ምን ሠሩለት?

ከመንደራ፦ ያ የትርጉም ጉዳይ ነው እንጂ የምክር አይደለም። ደግሞ ያወራሁት ስለ ጅማ ነው፣ አንተ ምን ውጫሌ አደረሰህ?

ከፈረንጅ አራዳ፦ አስተርጓሚም ከመሪ ጆሮ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። የአስተርጓሚው ነገር ጥሩ ነጥብ ነው፣ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ እንየው። የጉሚቲ ምክር ግን በአፍ የወረደ ነው። ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ፣ ከቴፕ ጋር ግን በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ዛሬ ወደ ተነሳንበት።

ከኮቺ፦ ጋሼ ማን ነው የቀረጸው?

መልስ፦ ከላይ የመጀመሪያው መልስ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ከጊንጆ፦ ከቴፖቹ ላይ የተደመሰሰው 18 ደቂቃ ተኩል ኪሲንጀር ያለበት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የጁን 20 ቀን 1972 ቅጂ ነው፣ ከቢሮ ኃላፊው ከሃልደማን ጋር የተደረገ ንግግር። የዋተርጌት ጉዳይ ነው፣ ኒክሰንን ከሥልጣን ያስለቀቀው ቅሌት።

ከሄርማታ፦ ቬትናምን አውቀው ነው የተዉአት የሚባለውስ? አንድ ቪዲዮ ላይ ሰማሁ።

መልስ፦ ቀኑን አላመጣህም፣ እኔ ላምጣልህ፦ ኦገስት 3 ቀን 1972። ኪሲንጀር ለኒክሰን ነገሩን አንድ ሁለት ዓመት አያይዞ የሚያቆይ መላ መፈለግ አለብን፣ ከዚያ በኋላ ቬትናም ማንም የማያስታውሳት ጥግ ትሆናለች የሚል ሐሳብ ይነግረዋል። የሰላም ስምምነቱ ጃንዋሪ 27 ቀን 1973 ፓሪስ ላይ ተፈረመ፣ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ወደቀች። እሱን ዓረፍተ ነገር ብቻ የሰማ ሰው ሁሉም በዕቅድ ነበር ይላል። እኔ እንዲያ አልደመድምም። ምርጫው ሦስት ወር ነው የቀረው፣ ኒክሰን ስለ ድምፅ እያሰበ ነው፣ አማካሪው ደግሞ የሚያረጋጋውን ይነግረዋል። ግን ደቡብ ቬትናም ላትቆም እንደምትችል ሁለቱም ያውቁ ነበር። ይሄን ቴፑ ራሱ ይናገራል፣ ማንም ሊክደው አይችልም። አሁንም ልድገመው፣ ቅንጫቢ ይዛችሁ አትፍረዱ፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ስሙ።

ከአጂፕ፦ ስለዚህ ክፉ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ መልሼልሃለሁ።

ከቦሳ ቂጦ፦ የመጨረሻ። ጃንሆይስ እዚያ ቢሮ ገብተዋል?

መልስ፦ በሜይ 1973 ዋሽንግተን ሄደው ከኒክሰን ጋር ተነጋግረዋል። የቀረጻ መሣሪያው የቆመው በጁላይ ስለሆነ ያኔ ገና እየሠራ ነበር። ጃንሆይ ሶማሊያ በሶቪየት መሣሪያ እየታጠቀች ነው ብለው ስጋታቸውን ነገሩ፣ የጦር መሣሪያ ጠየቁ። የፈለጉትን ያህል አላገኙም። አሜሪካኖቹ አሥመራ የነበራቸውን የመገናኛና የስለላ ጦር ሰፈር፣ ቃኘው ጣቢያን፣ እየቀነሱት ነበርና ለኛ የነበራቸው ጉጉት ቀዝቅዟል። በዓመቱ ኒክሰን ኦገስት 9 ሥልጣን ለቀቀ፣ ጃንሆይ ሴፕቴምበር 12 ወረዱ። በመካከሉ ያለው 34 ቀን ነው።

ቃኘው ይሠራ የነበረ ዘመድ ያለው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እዚያ ያሉት ሰዎች ያኔ ምን ይሰሙ እንደነበር ከራሳቸው አፍ መስማት እፈልጋለሁ።