በጥፋት የተሰናበተ ወታደር ወረቀቱን ማሻሻል ይችላል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ሐበሾች ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል በጥፋት ተሰናብተው የስንብት ወረቀታቸውን (ዲዲ 214 የሚባለውን) መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው የሚኖሩ አሉ። አንዳንዶቹ ለእናታቸው እንኳ አልተናገሩም። እኔ ጦሩ ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል ሠርቻለሁ። ከወጣሁ በኋላም ስንብታቸው እንዲሻሻል ማመልከቻ የሚያዘጋጁ ሰዎችን እረዳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን ግን ሳልሰስት እነግራችኋለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ማንነታችሁ እንዳይታወቅ አሳጥሬያቸዋለሁ። የስንብት ደረጃዎቹ ከላይ ወደ ታች ኦነረብል (በክብር)፣ ጄኔራል፣ አዘር ዛን ኦነረብል፣ ባድ ከንዳክትና ዲስኦነረብል ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአርሚ ከወጣሁ 9 ዓመት ሆነኝ። በሽንት ምርመራ ማሪዋና ተገኘብኝና «አዘር ዛን ኦነረብል» ተሰጠኝ። ያኔ ጓደኞቼ «ስድስት ወር ጠብቅ፣ ራሱ ይስተካከላል» አሉኝ። እስካሁን ግን እንዳለ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በራሱ የሚስተካከል ስንብት የለም። ይህ ወሬ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር የኖረ ነው፤ ስንቱን ሰው ዝም ብሎ አስቀመጠው። ካላመለከትክ ማንም ፋይልህን አይከፍተውም።

ደግነቱ ጊዜ አለህ። እያንዳንዱ ጦር የስንብት መርማሪ ቦርድ አለው። የማሪን ጉዳይ የሚታየው በኔቪ ቦርድ ነው። ወደዚህ ቦርድ ከተሰናበትክበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት እስኪሞላ ማመልከት ትችላለህ። ቅጹ ዲዲ 293 ይባላል። ክፍያ የለውም። ቦርዱ ስንብትህን ሊያባብሰው አይችልም፤ ወይ ያሻሽለዋል ወይ እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ «ነገሩን ከነካሁት ይብስብኛል» ብለህ አትፍራ።

ማሪዋና አሁንም በጦሩ የተከለከለ ነው። ሆኖም የመከላከያ ሚኒስቴሩ መመሪያ ራሱ በአንዳንድ ግዛቶች ሕጋዊ መሆኑን ጠቅሶ ከማቅለያ ምክንያት ጋር ሲቀርብ እንደ ድሮው ከባድ ተደርጎ ላይታይ እንደሚችል ይናገራል። ይህን በማመልከቻህ ውስጥ ጥቀሰው። «ዛሬ ሕጋዊ ስለሆነ አላጠፋሁም» ብለህ ግን አትጻፍ። ያኔ ትእዛዝ ጥሰሃል። እሱን አምነህ ጀምር።

ጥያቄ፦ የእኔ «ጄኔራል» ነው። ሰዎች ከኦነረብል ጋር አንድ ነው ይሉኛል። ልልፋ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ መማር ካሰብሽ ልፊ። በጄኔራል የቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሕክምና ይገኛል፣ የቪኤ የቤት ብድርም አይከለከልም፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅጥር ላይ ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው ቅድሚያም አለ። የትምህርቱ ገንዘብ፣ ጂአይ ቢል የሚባለው፣ ግን ኦነረብል ይጠይቃል። በአንዲት ደረጃ ልዩነት ኮሌጁ ይቀራል። ደግሞም ዲዲ 214 ላይ የስንብቱ ምክንያት ተጽፏል፤ ቀጣሪ የሚያየው እሱን ነው። ስለዚህ ደረጃው ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም እንዲቀየርልሽ በግልጽ ጠይቂ። ቦርዱ ሲፈቅድ ብዙ ጊዜ «በሚኒስትሩ ሥልጣን» በሚል ገለልተኛ ምክንያት ይተካዋል። ያልጠየቅሽውን ይሰጡኛል ብለሽ አትጠብቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ በፊት ኮንትራት ጨርሰሽ እንደገና ፈርመሽ ከነበረ፣ የመጀመሪያው አገልግሎትሽ በኦነረብል ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ዲዲ 214 ላይ የማስታወሻውን ሳጥን አንብቢው። በዚያኛው አገልግሎት ብቻ መብትሽ ሊጠበቅ የሚችልበት ሁኔታ አለ።

ጥያቄ፦ እኔ የወጣሁት በ1990ዎቹ ነው፣ በፈረንጆች። 15 ዓመቱ ከረጅም ጊዜ በፊት አለፈ። አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም ጋሼ። ሁለተኛ በር አለ፤ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ ይባላል። ቅጹ ዲዲ 149 ነው። ሕጉ ስሕተቱን ወይም በደሉን ካወቁ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ ይላል። ሆኖም ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ይህን ገደብ ማንሳት ይችላል። ስለዚህ ለምን እንደዘገዩ አንድ አንቀጽ ይጻፉ። ያኔ ያልታወቀ ሕመም፣ ያኔ ያልነበረ መመሪያ፣ ወይም መብቱ መኖሩን አለማወቅ ሊሆን ይችላል። እውነተኛውን ይጻፉት።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ አፍጋኒስታን ደርሶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆነ። መጠጣት ጀመረ፤ ከጦር ክፍሉ ያለፈቃድ ጠፋ፤ በመጨረሻ አባረሩት። አሁን ከሰው አይገናኝም። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው «እብድ ነው ልታስብዪኝ ነው?» ይላል።

መልስ፦ እናቴ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። አንድ በአንድ ልንገርዎት።

በፈረንጆች ከ2014 ጀምሮ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ለቦርዶቹ ተከታታይ መመሪያ አውጥቷል። በ2017 የወጣው ለእርስዎ ልጅ ዋናው ነው። በጦርነት ወይም በሌላ አስደንጋጭ ነገር የመጣ የአእምሮ ሕመም (ፒቲኤስዲ የሚሉት)፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም፣ እንዲሁም በጦሩ ውስጥ የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት ካለ ቦርዱ ጉዳዩን በልዩ ርኅራኄ እንዲያይ ያዝዛል። አራት ነገር ይጠይቃል። ጥፋቱን የሚያስረዳ ሕመም ወይም የደረሰበት ነገር አለ ወይ? ያ ነገር በአገልግሎት ጊዜ ነበር ወይ? ጥፋቱን በእርግጥ ያስረዳል ወይ? ከጥፋቱ ክብደትስ ያመዝናል ወይ?

ማመልከቻው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ላይ ነው። ሰዎች «ፒቲኤስዲ አለብኝ» ብለው የሐኪም ወረቀት ያያይዛሉ፤ ከጥፋቱ ጋር የሚያገናኘውን መስመር ግን አይስሉትም። የልጅዎ ጉዳይ በግልጽ ሊያያዝ የሚችል ነው። እንቅልፍ ማጣቱ መጠጡን አመጣ፣ ቅዠቱና ሰው መሸሹ ከክፍል መጥፋቱን አመጣ። ይህን ቀን በቀን፣ ከመዝመቱ በፊትና በኋላ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። ከመዝመቱ በፊት አንድም ቅጣት ካልነበረው ያ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ማስረጃው ከጦሩ መዝገብ ብቻ መምጣት የለበትም። ያኔ ሐኪም አይቶት ባያውቅም ዛሬ የሚያየው ሐኪም ሊጽፍለት ይችላል። እርስዎም መጻፍ ይችላሉ። «ሌሊት ይጮህ ነበር፣ በር ደጋግሞ ይቆልፍ ነበር፣ ለፋሲካ ዘመድ ሲመጣ ከክፍሉ አይወጣም ነበር» ብለው ያዩትን ይጻፉ። እናት ያየችውን ሐኪም አያየውም።

ስለ ሐኪሙ ደግሞ እንዲህ ይበሉት። ሕክምናው የሚያስፈልገው መጀመሪያ ለራሱ ጤና ነው፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የእኛ ሰው የአእምሮ ሕመምን ሲደብቅ ሕይወቱንም መብቱንም አብሮ ይቀብራል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ጠበል መሄድና ሐኪም ጋ መሄድ አይጣሉም፤ ሁለቱንም ያድርግ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለው ነገ አይበሉ። 988 ይደውሉ፣ ከዚያ 1 ይጫኑ። የወታደሮች የአደጋ ጊዜ መስመር ነው፤ ስንብቱ ምንም ይሁን ያነጋግሩታል። ቤተሰብም መደወል ይችላል።

ጥያቄ፦ አዘር ዛን ኦነረብል ይዤ ቪኤ ብሄድ ያባርሩኛል?

መልስ፦ «አይሆንም» ቢሉህ እንኳ በቃል አትመለስ፤ ማመልከቻህን ተቀብለው በጽሑፍ እንዲመልሱልህ ጠይቅ። ቪኤ የስንብትህን ሁኔታ የራሱን ምርመራ አድርጎ መወሰን ይችላል። የቦርዱን ውሳኔ አይጠብቅም። በ2024 ደንቡን አሻሽሎ ጥፋቱን ያስከተሉ አስገዳጅ ሁኔታዎችን እንዲያይ ተደርጓል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዳቸው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የቪኤ ውሳኔ ግን ዲዲ 214ህን አይቀይረውም፤ ለቪኤ ጥቅም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የድጋፍ ደብዳቤ ከቤተክርስቲያን አመጣሁ። «ጥሩ ክርስቲያን ነው፣ ሰንበት አይቀርም» ይላል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። ቦርዱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሞልቶታል። አስተዳዳሪው ጥፋትህን ያውቃሉ? ካላወቁ ደብዳቤያቸው ክብደት የለውም። ንገራቸው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን «ምን እንዳደረገ ነግሮኛል፣ ከዚያ ወዲህ ግን እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ» የሚል አንድ ደብዳቤ ከአሥር ምስጋና ይበልጣል። ምን ሲያደርግ? ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያስተምራል፣ በእድሩ የሐዘንተኛ ቤት ድንኳን ይተክላል፣ የታመመ ጎረቤት ሐኪም ቤት ያመላልሳል። ከመቼ ጀምሮ? ቀኑን ይጻፉት። የመስጊድ ኢማም፣ የሥራ አለቃ፣ አብሮህ የዘመተ ወታደርም እንዲሁ። በተለይ አብሮህ የነበረ ሳጅን ካገኘህ እሱን አትልቀቀው።

በ2018 የወጣው መመሪያ ቦርዱ ይቅርታን ሲመዝን የሚያያቸውን ነገሮች ዘርዝሯል። ከጥፋቱ ወዲህ ያለፈው ጊዜ፣ ኃላፊነት መውሰድ፣ ጸጸት፣ ካሳ፣ የሥራ ታሪክ፣ ያኔ የነበረህ ዕድሜ ይገኙበታል። ኦነረብል ለማግኘት እንከን የለሽ አገልግሎት እንደማያስፈልግም በግልጽ ጽፏል። ኃይል ያልተቀላቀለበት ጥፋት ይበልጥ ይቅርታ እንደሚገባውም ይላል። ስለዚህ ደብዳቤዎችህ እነዚህን እንዲመልሱ አድርግ።

የራስህን ቃል ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ አድርገው። አዛዥህን አትሳደብ። በእርግጥ በደል ከነበረ ማስረጃውን አያይዝ። እንግሊዝኛ ካስቸገረህ በአማርኛ ጻፈውና በደንብ የሚያውቅ ሰው ይተርጉምልህ። በአማርኛ አስበህ በእንግሊዝኛ ስትታገል እውነቱ በመሐል ይጠፋል።

ጥያቄ፦ በጦር ፍርድ ቤት ነው «ባድ ከንዳክት» የተሰጠኝ።

መልስ፦ የትኛው ፍርድ ቤት እንደፈረደ እይ። ስፔሻል ኮርት ማርሻል ከሆነ የመርማሪ ቦርዱ በምሕረት ብቻ ሊያየው ይችላል። ጄኔራል ኮርት ማርሻል (ከፍተኛው የጦር ፍርድ ቤት) ከሆነ ግን እሱ ሥልጣን የለውም፤ ወደ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ሂድ። ዲስኦነረብል የሆነም እንዲሁ። እዚህ ላይ ጠበቃ ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ ዜጋ ያልሆነን ሰው በቋንቋው ወደ ጦሩ በሚያስገባው፣ ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም ገብቼ በአማርኛ ቋንቋዬ ተመዘገብኩ፤ ዜግነትም አገኘሁ። ሁለት ዓመት ሳገለግል በጥፋት አሰናበቱኝ። ዜግነቴን ሊወስዱ ይችላሉ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ለመጠየቅ ይፈራል። ሕጉ በውትድርና አገልግሎት ዜግነት ያገኘ ሰው በድምሩ 5 ዓመት በመልካም ሳያገለግል «በክብር ባልሆነ ሁኔታ ሥር» ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊሰረዝ እንደሚችል ይናገራል። ጄኔራል በዚህ ውስጥ አይገባም፤ እሱ «በክብር ሁኔታ ሥር» ነው የሚቆጠረው። አዘር ዛን ኦነረብልና ከዚያ በታች ያለው ነው አደጋው። መሰረዙ ደግሞ በፍርድ ቤት እንጂ በደብዳቤ አይሆንም። ለአንተ ወደ ጄኔራል እንኳ ከፍ ማለት ትልቅ ትርጉም አለው። ማመልከቻህን ከመላክህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር፤ የምትጽፈው ቃል በሌላ መዝገብም ሊታይ ይችላል። ዜግነት ሳያገኝ ግሪን ካርድ ይዞ የተሰናበተ፣ በተለይ የዕፅ ጥፋት ያለበት፣ እንደዚሁ ያድርግ። ከአገር ከመውጣቱም በፊት ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ዲዲ 214 ጠፍቶብኛል። ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ያለው የብሔራዊ ሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ነው የሚይዘው። በስታንዳርድ ፎርም 180 ወይም በኢንተርኔት ይጠየቃል። ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፋይሉንና የሕክምና መዝገቡን ጠይቂ። ፋይልሽን ሳታነቢ አትጻፊ። አዛዡ ምን ብሎ እንደጻፈብሽ ሳታውቂ የምትሰጪው መልስ ከመዝገቡ ጋር ይጋጫል፤ ሲጋጭ ደግሞ የሚታመነው መዝገቡ ነው።

ጥያቄ፦ በወረቀት ብቻ ይታይልኝ ወይስ ቀርቤ ልናገር?

መልስ፦ በመርማሪ ቦርዱ ሁለቱም ይቻላል። መጀመሪያ በወረቀት ይታይልህ። ካልተሳካ 15 ዓመቱ ሳያልፍ ቀርበህ ቃልህን ለመስጠት ጠይቅ፤ ብዙውን ጊዜ በቪዲዮ ነው። መጀመሪያ ቀርበህ ከተናገርክ ወደ ወረቀቱ መመለስ አይቻልም፤ አንዱን ዕድል ታጣለህ። 15 ዓመትህ ሊሞላ ከተቃረበ ግን ወረቀቱ ሲመረመር ጊዜው እንዳያልቅብህ ቀጥታ መቅረቡን ምረጥ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው 3,000 ዶላር ክፈለኝና በእርግጠኝነት አስተካክልልሃለሁ አለኝ።

መልስ፦ እርግጠኛ ነኝ የሚልህን ሰው ሽሽ። ውሳኔው የቦርዱ ነው። አሜሪካን ሊጅንና ዲኤቪን የመሰሉ የወታደር ማኅበራት በነፃ ይረዳሉ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ክሊኒክም አላቸው። በየካውንቲው ያለውን የቬተራን አገልግሎት ቢሮም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አመልክቼ ውድቅ ተደረገብኝ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር የላክሁት።

መልስ፦ ውሳኔውን አውጣና ለምን እንዳልተቀበሉህ አንብብ። እነሱ ምክንያታቸውን ይጽፋሉ። «ማስረጃ አላቀረበም» ካሉ ቀጣዩ ሥራህ እሱ ነው። መርማሪ ቦርዱ ጋ ገና ቃልህን ካልሰጠህ ጠይቅ። ከዚያ የመዝገብ ማረሚያ ቦርዱ አለ። በፈረንጆች ከዲሴምበር 20 ቀን 2019 ወዲህ የተሰናበትክ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም በኋላ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አለ። አዲስ ማስረጃ ካገኘህ እንደገና እንዲያዩልህ መጠየቅ ይቻላል።

ቦርዶቹ የቀድሞ ውሳኔዎችን ስም አጥፍተው በኢንተርኔት ያወጣሉ። የአንተን የመሰለ ጉዳይ ፈልግ። የተሳካለት ሰው ምን እንዳያያዘ፣ ያልተሳካለት ምን እንደጎደለው ታያለህ። አንድ ቅዳሜ ስጠው። መልሱ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል አድራሻህን ከቀየርክ ወዲያው አሳውቃቸው።